በረዶ ከሌለበት ከተማ ወደ በረዶ ላይ ዳንስ ውድድር፦ ለአዲስ አበባ ወላጆችና ወጣቶች ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የከተማችን እምብርት የበረዶ ላይ ዳንስ ተወዳዳሪ የሚሠለጥንበት፣ ደረጃውን የጠበቀ የበረዶ ሜዳ የለም። ይህን ሳይቀበሉ የሚጀምር ዕቅድ ገንዘብም ልጅነትም ያባክናል። ሆኖም ተወዳዳሪውን ተወዳዳሪ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የሚታዘዝ ጉልበት፣ ምት የሚለይ ጆሮና ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የመንቀሳቀስ ልማድ፣ በረዶ ሳይረገጥ ሊጀመሩ ይችላሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ እነዚህን ሦስቱን እዚህ ይሥሩ፤ በረዶውን በጊዜ ገደብ ይፈልጉ፤ ገደቡ ካለፈ ደግሞ ግቡን ይቀይሩ።

አርአያ የሚፈልግ ሰው ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። አዲስ አበባ ተወልዶ በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ የተወዳደረው ሮቤል፣ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ሙያውን የተማረው ግን በልጅነቱ በሄደበት በአሜሪካ መሆኑ አይዘንጋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ የትኛውን ስፖርት እንደሚመርጡ ይወቁ

በቴሌቪዥን ሲታይ በረዶ ላይ በጥንድ የሚሽከረከር ሁሉ አንድ ይመስላል። ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ናቸው። ጥንድ ስኬቲንግ በሚባለው ወንዱ ሴቷን ወደ አየር ይወረውራል፣ ከራሱ በላይ በተዘረጋ እጅ ያነሳታል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ከባድ ዝላዮች ይዘላሉ። በበረዶ ላይ ዳንስ ይህ ሁሉ የተከለከለ ነው። ማንሳት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከራስ በላይ በተዘረጋ እጅ አይደለም፣ ጊዜውም የተገደበ ነው፤ አጭሩ ሊፍት ከ7 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ዳኞች የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ሰዎች ተቀራርበው፣ በአንድ እግር ላይ በጥልቅ ጠርዝ (ስለቱን ወደ አንድ ጎን አጋድለው)፣ ከሙዚቃው ምት ሳይወጡ በፍጥነት መሄዳቸውን።

ለወላጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ሦስትና አራት ዙር የሚያዞር ዝላይ ስለሌለበት የዳንሱ ተወዳዳሪ ዕድሜ ረጅም ነው። አሜሪካዊው ኢቫን ቤትስ በ2010፣ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ኦሊምፒኮች ተወዳድሯል፤ ከማዲሰን ቾክ ጋር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2023 ነበር። በነጠላ ስኬቲንግ እንዲህ ያለ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ዘግይቶ ለሚጀምር ልጅም በር የሚከፍተው ዳንሱ ነው።

ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሪትም ዳንስ ይቀርባል፤ ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገደማ ሲሆን የሙዚቃው ዓይነት በየዓመቱ ይታዘዛል። ለምሳሌ በ2023–24 የውድድር ዘመን የ1980ዎቹ ሙዚቃና ስሜት ነበር የታዘዘው። ቀጥሎ ፍሪ ዳንስ አለ፤ ለአዋቂዎች 4 ደቂቃ፣ ለወጣቶች ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል፤ ሙዚቃውን ጥንዶቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ነጥቡ በሁለት መንገድ ይሰበሰባል። የቴክኒክ ቡድኑ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እስከ 4 በሚደርስ ደረጃ ይመድባል፤ ዳኞቹ ጥራቱን ከ-5 እስከ +5 ይመዝኑታል። በዚያ ላይ የቅንብር፣ የአቀራረብና የስኬቲንግ ችሎታ ነጥብ ይጨመራል። ጄይን ቶርቪል እና ክሪስቶፈር ዲን በ1984 በሳራዬቮ በፍሪ ዳንሱ ዘጠኙንም ዳኞች ለሥነ ጥበብ 6.0 (ሙሉ ነጥብ) ያሰጡበት አሠራር ከተተወ ቆይቷል፤ ስለዚህ የዱሮ ቪዲዮ ሲያዩ ነጥቡን ከዛሬው ጋር አያወዳድሩ።

የቤት ሥራው ማየት ነው። የዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት የወጣቶች ግራንድ ፕሪ ውድድሮችን በዩቲዩብ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ልጁ አንዱን ዳንስ ደጋግሞ ይየው፦ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ እግር ብቻ፣ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሙዚቃውን በጭብጨባ እየቆጠረ፣ በመጨረሻ የሁለቱን ትከሻ ብቻ። ከዋንጫ አሸናፊዎቹ ይልቅ ከመጨረሻ የወጡትን ማየት ይበልጥ ያስተምራል፤ በአሸናፊዎቹ ላይ ምንም ነገር ከባድ አይመስልም፣ በመጨረሻዎቹ ላይ ግን የት እንደሚከብድ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛ፦ የዕድሜውን ሒሳብ ያውጡ

ሕጉ እንዲህ ነው። በዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ለመሳተፍ ልጁ የውድድር ዘመኑ ከሚጀምርበት ከጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን፣ በፊት 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለአዋቂዎች ውድድር ቀድሞ 15 ዓመት ይበቃ ነበር፤ በ2022 በታይላንድ ፉኬት የተካሄደው የኅብረቱ ጉባኤ ዕድሜው በሁለት ደረጃ ከፍ እንዲል ስለወሰነ ከ2024–25 ጀምሮ 17 ሆኗል።

ይህ ለውጥ ለእኛ ልጆች መልካም ነው። በሰባት ዓመቱ በጎማ ጫማ (በሮለር ስኬት) የጀመረ፣ በአሥር ዓመቱ መደበኛ በረዶ ያገኘ ልጅ ለአዋቂዎቹ ውድድር ሰባት ዓመት ይቀረዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት በረዶ ላይ በቋሚነት ያልሠለጠነ ልጅ ወደ ከፍተኛው መድረክ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ዝግ ነው አልልም፣ በእሱ ላይ ቤት መሸጥ ግን አይገባም። አሥራ አምስት ካለፈ ግቡን ወደ ሌላ ያዙሩ፦ ወደ አሠልጣኝነት፣ ወደ በረዶ ላይ ትርኢት፣ ወይም ወደ ጎማ ጫማ ዳንስ። ራስዎ ወላጁ በነገሩ ከተለከፉም መፍትሔ አለው፤ በጀርመን ኦበርስትዶርፍ ከተማ ዕድሜያቸው 28 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚዘጋጅ፣ ከላይ ከተጠቀሰው የአዋቂዎች ውድድር የተለየ ዓለም አቀፍ ውድድር አለ።

ሦስተኛ፦ በወለል ላይ ይጀምሩ

አብዛኛው ሰው የሚዘልለው ይህን ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት።

ከጉልበት እንነሳ። በረዶ ላይ ፍጥነት የሚመጣው ጉልበት ታጥፎ ሲነሳ ነው፤ እንጨት የሆነ ጉልበት የትም አያደርስም። ልጁ በባዶ እግሩ በአንድ እግር ይቁም፣ ጉልበቱን ከጣቶቹ ትይዩ አድርጎ በሦስት ቆጠራ ይጠፍ፣ በሦስት ቆጠራ ይነሳ። ጀርባው ቀጥ ይበል፤ መቀመጫው ወደ ኋላ አይውጣ። መስታወት ከሌለ ከጎን ሆነው በስልክ ይቅረጹት። ሁለት ስህተቶች ወዲያው ይታያሉ፦ ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቅና ተረከዝ መነሳት። ሁለቱም በወለል ላይ ካልታረሙ በረዶ ላይ ይብሳሉ። ቁርጭምጭሚትን ለማጠንከር ደረጃ ላይ በግማሽ እግር ቆሞ ተረከዝን ማውረድና ማንሳት ይበቃል፤ ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ምት። በስልክ ላይ ሜትሮኖም ያውርዱ። ጀማሪዎች በረዶ ላይ ከሚማሯቸው የታዘዙ ዳንሶች (እርምጃቸውና መስመራቸው አስቀድሞ የተወሰነ) መካከል ደች ዋልትዝ በደቂቃ 138 ምት ይሄዳል፣ ካናስታ ታንጎ 104፣ ሪትም ብሉዝ 88። ልጁ በእነዚህ ሦስት ፍጥነቶች መራመድ ይልመድ። በዋልትዙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አንዷ ላይ ብቻ ጉልበቱን ይጠፍ። ይህ ለአበሻ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ የችክችካን ምት ከሕፃንነቱ የሰማ ልጅ ሦስት ሦስቱን ለመቁጠር ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው በታንጎ ነው፤ ምቱ ላይ ቀጥ ብሎ ማረፍና እዚያው መቆየት ለእኛ ልጆች አሰልቺ ይመስላቸዋል። በታንጎ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

እስክስታ የሚችል ልጅ አንድ ትልቅ ሀብት ይዞ ይመጣል። ትከሻውንና ደረቱን ከወገቡ በታች ካለው እንቅስቃሴ ለይቶ ማዘዝ ያውቃል፤ በረዶ ላይ እግር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ትከሻ ሌላ ሥራ ስላለው ይህ ችሎታ ወርቅ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፦ እስክስታ ላይ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አንገትም ነፃ ነው። የበረዶ ላይ ዳንስ ረጅም አንገትና ቀጥ ያለ ወገብ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ እስክስታውን ሳይተው፣ ሌላ የዳንስ ትምህርት ይጨምር፤ ባሌ ከተገኘ ባሌ፣ ካልተገኘ ዘመናዊ ዳንስ። አዲስ አበባ በዘመናዊ ዳንስ ባዶ አይደለችም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዱኛ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። በብሔራዊ ቴአትርና በሀገር ፍቅር አካባቢ የሚሠሩ ዳንሰኞችን ጠይቆ በግል የሚያስተምር ሰው ማግኘት ይቻላል። በሚመርጡበት ጊዜ አንድ ነገር ይመልከቱ፦ አስተማሪው የልጁን እግር ያርማል ወይስ አብሮ ይጨፍራል ብቻ?

ሦስተኛው ነገር አብሮ መንቀሳቀስ ነው። የዋልትዝ አያያዝ፣ ፊት ለፊት፣ እንዲሁም ኪሊያን የሚባለው ጎን ለጎን አያያዝ በሳሎን ወለል ላይ ይለመዳሉ። በሁለቱ ልጆች መዳፍ መካከል አንድ ወረቀት ያስገቡና ሳይወድቅና ሳይጨማደድ ክፍሉን ይዙሩ። ከዚያ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይመራ፤ ከዚያ ይለዋወጡ። ኖራ ወይም ጠመኔ ይዘው ግቢው ላይ ትላልቅ ግማሽ ክቦች ይሳሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ እንደ እባብ የተያያዙ፤ የታዘዙት ዳንሶች በረዶ ላይ የሚከተሉት መስመር ይህን የሚመስል ነው። ሁለቱ ልጆች ተያይዘው በመስመሩ ላይ በምት ይራመዱ። ጎረቤት ይስቃል፤ ይሳቅ።

የከተማችን ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑም ሥራ ላይ ይዋል። አራት ደቂቃ ፍሪ ዳንስ የልብ ምትን ወደ ጣሪያው ያደርሳል። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚሮጡትን ማየት የለመደ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት መመሪያ አያስፈልገውም።

አራተኛ፦ በጎማ ላይ ይቀጥሉ

ሮለር ስኬት በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅዳሜና እሁድ መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል። ለእኛ ዓላማ የሚሻለው ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ጫማ ነው፤ ሚዛኑ ለበረዶው ስለት ይቀርባል። አራቱ ጎማ በአራት ማዕዘን የሆነው ሰፊ መሠረት ስላለው ለጅምር ይቀላል፤ በጥንድ ዳንስም ራሱን የቻለ ውድድር አለው። ከውጭ ዘመድ የሚልክልዎት ካለ ለሥነ ጥበባዊ ስኬቲንግ የተሠራውን ይጠይቁ፦ ከፊት ማቆሚያ ያለው፣ የመሀል ጎማዎቹ ከጫፎቹ ትንሽ ዝቅ ያሉ። ይህ ቅስት የበረዶ ስለትን ጉብታ ስለሚመስል መዞርን ያስተምራል። ለፍጥነት የተሠራ፣ ጎማው ትልልቅ የሆነ ጫማ አይግዙ።

የራስ ቁር፣ የእጅ አንጓ መከላከያና የጉልበት መከላከያ ግዴታ ናቸው። በእጅ አንጓ መከላከያ ላይ ልጁ ይከራከርዎታል፤ አይሸነፉ።

ቦታን በተመለከተ፣ «መንገድ ለሰው» በሚል ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለተሽከርካሪ የሚዘጉት መንገዶች ትልቅ ዕድል ናቸው። በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ያማልላሉ፤ ነገር ግን የእግረኛ ናቸው፣ ሲረጥቡም በጣም ያዳልጣሉ። ክረምቱን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አዳራሽ ፈልገው ይሥሩ፤ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ወይም የወጣት ማዕከል ወለል ከጎማው ጋር የማይጋጭ መሆኑን ኃላፊውን አስፈቅደው ይሞክሩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መውደቅና መነሳት፤ በአንድ እግር ረጅም መንሸራተት፤ በውጪ ጠርዝ ግማሽ ክብ፤ በውስጥ ጠርዝ ግማሽ ክብ፤ ሻሴ (አንዱን እግር ከሌላው ጎን አምጥቶ እያቀያየሩ መሄድ)፤ ነፃውን እግር ከኋላ ወደ ፊት እያወዛወዙ መሄድ፤ ወደ ኋላ መሄድ፤ ወደ ኋላ እግር እያቆራረጡ መዞር። ከዚያ በኋላ ብቻ በአንድ እግር ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚዞረው ሦስት ቁጥር፣ እግር እየቀየሩ የሚዞሩት ሞሆክና ቾክታው ይመጣሉ። በአንድ እግር እየተጓዙ ደጋግሞ መሽከርከር፣ ትዊዝል የሚሉት፣ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጓጉለት ነው። ይጓጉ፤ ወደ ኋላ በውጪ ጠርዝ ላይ በሰላም ያልቆመ ልጅ ግን አይሞክረው።

ጎማ የሚያስተምራቸው ሐሰተኛ ነገሮችም አሉ። ጎማ ወለሉን ይዞ ስለሚቆም ልጁ ሳይጫን ጠርዝ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ በረዶ ላይ ጠርዙን ካልተጫነ ይንሸራተታል። አቋቋሙም ይለያል፤ በረዶ ላይ ስለቱን አግድም በማንሸራተት ይቆማሉ፣ በጎማ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ በረዶ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ማቆም ይሁን።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያውን በረዶ ያቅዱ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚደረስባቸው የበረዶ ሜዳዎች ጥቂት አይደሉም። ናይሮቢ ውስጥ ፓናሪ ሆቴል በ2005 የከፈተው ሜዳ በቅርበት ቀዳሚው ነው፤ ከውድድር ሜዳ ያነሰ በመሆኑ ለመጀመሪያ ትምህርት እንጂ ለዳንስ መስመሮች አይበቃም፣ ከመሄድዎ በፊት ክፍት መሆኑንም ደውለው ያረጋግጡ። ዱባይ ሞል ውስጥ ያለው የኦሊምፒክ መጠን አለው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ውስጥ በግራንድዌስት ያለው ሜዳ ሌላው አማራጭ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ለአሥርት ዓመታት የስኬቲንግ ማኅበር ያላት አገር በመሆኗ ደንብ የሚያውቁ አሠልጣኞችን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። የውድድር ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ አሠልጣኙን ሲጠይቁ የሜዳውን ልክ ይጠይቁ።

ለጉብኝት አይሂዱ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሕዝብ በሚቀንስበት በማለዳና በቀትር፣ ለአንድ ሳምንት ያህል በረዶ ላይ የሚያውል ዕቅድ ይያዙ። የግል ትምህርት ከመሄድዎ በፊት ይቀጠሩ፤ አሠልጣኙ የዳንስ ልምድ ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ በጎማ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አስቀድመው ይላኩለት። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፦ ልጁ ጠርዝ ላይ ይቆማል? እርማት ሲሰጠው ይለውጣል? በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት በረዶ ቢያገኝ ምን ላይ ይደርሳል? ከሁሉም ሁለተኛውን መልስ በጥሞና ያዳምጡ።

ለዚህ ጉዞ ጫማ ይከራዩ። መግዛቱ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ በመለኪያ የሚያስገባ ባለሙያ ባለበት ቦታ ይግዙ። ጫማው ከመንገድ ጫማ ጠበብ ይላል፤ ተረከዝ ከቦታው መነሳት የለበትም፣ ጣት ጫፉን በትንሹ ይነካል፣ ካልሲው ስስ ነው። «እያደገ ስለሆነ ሁለት ቁጥር እንጨምርለት» የሚለው የእናቶች ብልሃት እዚህ አይሠራም፤ የሚላወስ እግር ጠርዝ አይዝም። የዳንስ ስለት ኋላው አጠር ያለ ነው፣ ጥንዶቹ ተጠጋግተው ሲሄዱ ስለቶቻቸው እንዳይጋጩ። ጀማሪ ይህን ስለት ወዲያው አይፈልገውም።

ስለቱ ከሥሩ ቦይ አለው፤ ሁለቱን ጠርዞች የሚፈጥረው ይህ ቦይ ነው። ሲዶለዱም የሚሳለው በልዩ ማሽን ነው። መርካቶ ቢላዋ የሚስል ባለሙያ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን አይስጡት፤ ቦዩን ደፍኖ ይመልስልዎታል። ከበረዶ ሲወጡ ስለቱን በጨርቅ ያድርቁ፤ ጠንካራው የፕላስቲክ ሽፋን ለመራመጃ ብቻ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ለስላሳው የጨርቅ ሽፋን ይልበስ፤ አለበለዚያ ይዝጋል።

ስድስተኛ፦ ተጣማሪ

ይህ ከበረዶው ይልቅ የሚከብድ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ ሴቶቹ ብዙ፣ ወንዶቹ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ወንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ በር የሚያንኳኳ አያጣም፤ ሴት ልጅ ያለው ደግሞ አገር አቋርጦ ይፈልጋል። ተጣማሪ ለሚፈልጉ የተዘጋጁ ድረ ገጾች አሉ፤ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ደረጃና ቪዲዮ ይለጠፍባቸዋል። የልጅ መረጃ ሲለጠፍ ወላጅ ብቻ ይለጥፈው፣ አድራሻና ስልክ አይጻፍ።

በእኛ ሁኔታ ከሁሉ የቀረበው ተጣማሪ ወንድም ወይም እህት ነው። ይህ የድሃ አማራጭ አይደለም፤ ማያ እና አሌክስ ሺቡታኒ የተባሉት አሜሪካውያን እህትና ወንድም በ2018 ኦሊምፒክ ነሐስ አግኝተዋል፣ ለፈረንሳይ የተወዳደሩት ኢዛቤልና ፖል ዱሼኔ ደግሞ በ1992 ብር። እህትና ወንድም አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይጓዛሉ፣ ወጪው አንድ ቤት ውስጥ ይቀራል። የፍቅር ታሪክ የሚጠይቅ ሙዚቃ መምረጥ አለመቻላቸው ብቻ ነው ጉድለቱ።

ከቤት ውጭ ተጣማሪ ከተገኘ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ማን ምን እንደሚከፍል፣ አንዱ ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆንና አለባበስና ሙዚቃ ላይ ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ይስማሙ። በአገራችን «በመካከላችን ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ማለት ይቀናናል፤ እዚህ ግን ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ሰንደቁና ወረቀቱ

ተወዳዳሪ ራሱን ችሎ በዓለም አቀፍ ውድድር አይመዘገብም። የሚያስመዘግበው የኅብረቱ አባል የሆነ ብሔራዊ ማኅበር ነው። ስለዚህ የኅብረቱን የአባላት ዝርዝር ከፍተው ይመልከቱ፤ የአገርዎ ስም ከሌለ ልጅዎ በሌላ አገር ማኅበር ሥር ይሠለጥናል ማለት ነው።

በዳንስ አንድ ክፍት ቦታ አለ። በኅብረቱ ሻምፒዮናዎች ከጥንዶቹ አንዱ የሚወክሉት አገር ዜጋ ከሆነ ይበቃል፤ ሌላኛው የፈቃድና የጥበቃ ጊዜ ደንቦችን ማሟላት ይኖርበታል። ኦሊምፒክ ግን ሁለቱንም ዜጋ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ይህ ውሳኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ በውድድር ሰሞን መጫን የለበትም፤ ቤተሰቡ ቀደም ብሎ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ስምንተኛ፦ ገንዘቡና መልቀቁ

የሚከፈልባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የበረዶ ሰዓት፣ አሠልጣኝ፣ የዳንስ ቅንብር ባለሙያ፣ የሙዚቃ ቅንጅት፣ ልብስ፣ ጫማና ስለት፣ የውድድር ጉዞ፣ ኢንሹራንስ። አሠልጣኙ ወደ ውድድር ሲሄድ ወጪውን የሚጋሩት ተማሪዎቹ መሆናቸውን ብዙ ቤተሰብ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ከማንኛውም ማሠልጠኛ ጋር ከመስማማትዎ በፊት የአንድ ዓመት ሙሉ ወጪ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በመድረኩ ከፍታ ላይ የደረሱትም በራሳቸው ኪስ ብቻ አልደረሱም። ቶርቪል የኢንሹራንስ ጸሐፊ፣ ዲን ፖሊስ ነበሩ፤ ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜ መለማመድ የቻሉት የኖቲንግሃም ከተማ ምክር ቤት ገንዘብ ሲሰጣቸው ነው። እርስዎም ጠያቂ ይሁኑ፤ ግን ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ብር ይዘው ልጅ ከትምህርት ቤት አያውጡ፤ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ይኑርዎት።

የት ይሄዳል? የዛሬው የዳንሱ ዋና ከተማ ሞንትሪያል ናት። ማሪ-ፍራንስ ዱብሬይ፣ ፓትሪስ ሎዞን እና ሮማን ሃጌናወር ባሉበት ማሠልጠኛ በ2018 ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙት ቨርቹ እና ሞይር፣ ብር ያገኙት ፓፓዳኪስ እና ሲዜሮን በአንድ ጣራ ሥር ይለማመዱ ነበር። ለጀማሪ ግን ታዋቂ ስም አይጠቅምም። ዘመድ ባለበት ከተማ፣ በሳምንት አምስት ቀን በረዶ የሚሰጥ ተራ ክለብ ይሻላል።

ስለ ልጅ ደኅንነት ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሰውነት የሚነካበት ስፖርት ነው። ልምምዱ ወላጅ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይሁን፤ አሠልጣኝ ከልጁ ጋር በግል መልእክት አይለዋወጥ፤ በጉዞ ላይ ከአዋቂ ጋር አንድ ክፍል አይደር። ስለ ክብደት የሚያሾፍ አሠልጣኝ ካጋጠመ ቶሎ ይለዩት፤ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን።

ዘጠነኛ፦ የዓመቱ ዑደትና ከዚያ በኋላ

አዲስ ዳንስ የሚቀናበረው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። የወጣቶች ግራንድ ፕሪ ከነሐሴ ይጀምራል፤ የአዋቂዎቹ በጥቅምትና በኅዳር ይካሄዳል፤ የዓለም ሻምፒዮና በመጋቢት። ወደ ዓለም ሻምፒዮና ለመግባት ቀደም ባሉ ውድድሮች የተወሰነ ዝቅተኛ የቴክኒክ ነጥብ ማሟላት ግዴታ ነው።

ሙዚቃ ሲመረጥ ግጥም ያለው ዘፈን ይፈቀዳል፤ ምቱ ግን ጎልቶ መሰማት አለበት። የአገርን ዜማ ይዞ መቅረብ የሚፈልግ ልጅ የ2009–10ን ዘመን ያጥና። የታዘዘው የሕዝብ ዳንስ ነበር። ሩሲያውያኑ ዶምኒና እና ሻባሊን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን ዳንስ መስለው ቀርበው ከባለቤቶቹ ተቃውሞ ሲገጥማቸው፣ የአሜሪካኖቹ ዴቪስ እና ዋይት የህንድ ዳንስ በአድናቆት ታየ። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ወይም የጎጃምን እስክስታ በረዶ ላይ ለማውጣት አዲስ አበባ ያደገ ልጅ የሚቀድመው ሰው የለም፤ ቅንብሩን ለውጭ ባለሙያ ብቻ እንዳይተወው።

ውድድሩ ሲያበቃ የሚቀሩት ሥራዎች አሠልጣኝነት፣ የዳንስ ቅንብር፣ የትርኢት ቡድን፣ እንዲሁም በውድድር ላይ የእንቅስቃሴ ደረጃ የሚመድበው የቴክኒክ ባለሙያነት ናቸው። የመጨረሻው ፈተናና ሴሚናር ስላለው፣ ገና እየተወዳደሩ ደንቡን በማንበብ መዘጋጀት ይቻላል። አዲስ አበባ ተመልሶ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ የጎማው ስፖርት ክፍት ነው፦ ዎርልድ ስኬት የተባለው ዓለም አቀፍ አካል በጎማ ጫማ የነጠላና የጥንድ ዳንስ ውድድሮች ስላሉት፣ አንድ የተስተካከለ አዳራሽና ጠርዝ የሚያውቅ አንድ አሠልጣኝ ካሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል።